«ግጥም በቃላችሁ አቅርቡ ተባልን፣ የቱን ልምረጥ? እንዴትስ ልዘጋጅ?»

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «አዳማ ነው ምማረው፣ 10ኛ ክፍል ነኝ። የአማርኛ መምህራችን ከ12 ቀን በኋላ እያንዳንዳችን የመረጥነውን ግጥም ፊት ወጥተን በቃላችን እንድናቀርብ አዘውናል፣ ከ10 ነው ሚያዘው። ቲክቶክ ላይ ያየሁት ስለ ሀገር የተጻፈ በጣም ስሜት ያለው ግጥም አለ፣ ገጣሚው በዋሽንት ታጅቦ ነው ሚያነበው፣ ጽሑፉን ቴሌግራም ላይ አግኝቼዋለሁ፣ ሦስት ገጽ ይሆናል። አንዳንድ ቦታ ምን ለማለት እንደፈለገ አይገባኝም ግን ሲሰማ ያስለቅሳል። ችግሬ ድምፄ ቀጭን ነው፣ ስልኬ ላይ ቀድቼ ስሰማው የሕፃን ነው ሚመስለው፣ ፊት ስወጣ ደሞ እጄ ይንቀጠቀጣል። ቤት ውስጥ ምናወራው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ አነጋገሬ ላይ ይስቁብኛል ብዬም እፈራለሁ። እንዴት ባደርግ ነው እንደሱ ማንበብ ምችለው? ወረቀት መያዝስ ይቻላል?»

መጀመሪያ ያ የሦስት ገጽ ግጥም ይቅር። ግጥሙ መጥፎ ነው ማለቴ አደለም፣ አላየሁትም፣ ግን አንቺ በነገርሽኝ ብቻ እንኳን ለዚህ ሥራ እንደማይሆን ያስታውቃል። ሒሳቡን እንሥራው፣ ሦስት ገጽ ሲባል 90 ስንኝ ገደማ ነው፣ አንድ ስንኝ በደንብ ሲባል ከነትንፋሹ ወደ 5 ሰከንድ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ምንም ሳትደናቀፊ ብትጨርሺው ራሱ ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ አካባቢ ነው፣ ከኋላሽ ተራ ሚጠብቅ ሌላ ተማሪ አለ፣ መምህሩ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳለሽ ሰዓታቸውን ማየት ይጀምራሉ፣ ክፍሉ ደሞ ከሦስተኛው ደቂቃ በኋላ እርስ በርሱ ማውራት ይጀምራል። እኔ ማርክ ሰጪ ሆኜ ስቀመጥ ረጅም ግጥም ያቀረበ ልጅ ርዝመቱ ጠቅሞት አይቼ አላውቅም፣ ሚጠቅመው አጭር ግጥም ወስዶ አንድም ቃል ያላባከነውን ነው።

ሁለተኛ «ያስለቅሳል» ያልሽውን ነገር በደንብ እንየው። ያስለቀሰሽ ምኑ ነው? ቪዲዮው ውስጥ ዋሽንት አለ፣ ፊቱን ተጠግቶ የሚያሳይ ካሜራ አለ፣ ከሁሉም በላይ ከአፉ ስር የተደገነ ማይክ አለ። ማይክ ያለው ሰው በሹክሹክታም ማንበብ ይችላል፣ ትንፋሹ ሁሉ ይሰማል፣ አንቺ ግን ምትቆሚው መስኮቱ የተከፈተ ክፍል ውስጥ ነው፣ ከውጭ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ልጆች ይጮሃሉ፣ ዝናብ ከመጣ ደሞ ቆርቆሮው ብቻውን ሌላ ግጥም ያነባል። እና የሱ ዘዴ እዛ ጋ አይሠራም፣ ስለዚህ «እንደሱ ማንበብ» ሚባለውን ሐሳብ ከነጭራሹ ተይው። አንድን ግጥም ለመመዘን ከፈለግሽ ሙዚቃውን አጥፊና ጽሑፉን ለእህትሽ ወይ ለወንድምሽ ወጥ ቤት ቆመሽ በተራ ድምፅ አንብቢላቸው። ያለ ዋሽንት ጆሯቸውን ከያዘ ግጥሙ በራሱ ይቆማል፣ ካልያዘ ሲያስለቅስሽ የነበረው ዋሽንቱ ነው።

አሁን ደሞ ዋናው ስህተት፣ «ባይገባኝም ስሜት አለው» ሚለው። ይሄ አያስኬድም። ያልገባሽን ስንኝ በቃልሽ መያዝ ትችያለሽ፣ ችግሩ ግን አፍሽ ላይ ሲደርስ የትኛው ቃል ከብዶ የትኛው ቀሎ መባል እንዳለበት አታውቂም፣ ሁሉንም እኩል ትጫኚዋለሽ ወይ ሁሉንም እኩል ታንበለብይዋለሽ፣ ሰሚ ደሞ ይሄን ወዲያው ነው ሚያውቀው፣ ለምን እንደሆነ ባይገባው እንኳን ይሰለቻል። ላንቺ የተመቸ መፈተኛ አለሽ፦ የመረጥሽውን ግጥም ሐሳብ ለእናትሽ ወይ ለቤት ሰው በአፋን ኦሮሞ ተርኪላቸው። ትርጉም አታድርጊ፣ ዝም ብለሽ ማን ነው ሚናገረው፣ ለማን ነው፣ ምን ሆኖ ነው፣ መጨረሻ ላይ ምን ተለወጠ ሚለውን አውሪላቸው። ከተቻለሽ ግጥሙ ገብቶሻል፣ መሃል ላይ «እዚህ ጋ እንትን ይላል…» ብለሽ ከቆምሽ የቆምሽበት ቦታ ላይ ያልገባሽ ስንኝ አለ ማለት ነው። ሰምና ወርቅ ያለበት ግጥም ከሆነ ደሞ ወርቁን ራስሽ ያገኘሽውን ብቻ ነው መውሰድ ያለብሽ፣ «ሰዎች ቅኔ ነው ይላሉ» ተብሎ አይወጣም፣ መምህሩ «ወርቁ ምንድነው?» ብለው ከጠየቁሽ እዛው ተያዝሽ።

ስለ ምርጫ ስንነጋገር ብዙ ተማሪ ሚረሳው ነገር የግጥሙ ቤት ነው፣ ማለቴ ምጣኔው፣ ስንኙ በስንት በስንት ቀለም (በአፍ ሲባል ተነጥሎ ሚሰማ የቃል ክፍል) እንደሚከፈል። በቃል ለመያዝም ለትንፋሽም ከርዕሱ በላይ ወሳኝ ነው። «ቡሄ በሉ፣ ልጆች ሁሉ» ስትይ አራት አራት ቀለም ነው፣ ለጨዋታና ለሆታ ጥሩ ነው፣ ለብቻ ቆሞ ለሚነገር ቁም ነገር ግን ይፈጥናል፣ እያዘለለ ይወስድሻል። «ተልባ ቢንጫጫ፣ በአንድ ሙቀጫ» ደሞ አምስት አምስት ነው፣ ሰንጎ መገን ሚባለው ቤት። ስድስት ስድስት የሆነው የወል ቤት ነው፣ ብዙ የመማሪያ መጽሐፍ ግጥም በዚህ ነው የተጻፈው፣ አንድ ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ይባላል፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ማረፊያ አለው፣ ለጀማሪ ከዚህ ሚሻል የለም። ከዛ በላይ ስምንት ስምንት የሆነው አለ፣ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም ጸጋዬ ቤት ሚባለው፣ ተማሪ ሁሉ ሚሮጠው ወደሱ ነው ምክንያቱም ሲባል ግርማ አለው፣ ግን አንዱ ስንኝ 16 ቀለም ነው፣ ትንፋሹን ማከፋፈል ያልለመደ ልጅ ስንኙ ሳያልቅ አየሩ ያልቅበታል፣ የመጨረሻዋ ቃል ትንፋሽ አጥታ ትወጣለች። በ12 ቀን አልመክርሽም። ነጻ ግጥም ሚባለውም፣ ቤት ማይመታው፣ ማለትም የስንኞቹ መጨረሻ ድምፅ ማይመሳሰለው፣ ቀላል ይመስላል ግን በቃል ለመያዝ ከባዱ እሱ ነው፣ ብትረሺ ቀጣዩን ሚያስታውስሽ ቤት መምቻ የለማ።

ስለ ርዕስ ብዙ አልልም። የሀገር ግጥም ካልሆነ ማርክ አይሰጥም ሚባለው ወሬ ነው፣ እንደውም የገብረ ክርስቶስ ደስታ «ሀገሬ» ድንቅ ግጥም ሆኖ ሳለ ከየክፍሉ ሦስት አራት ልጅ ስለሚያመጣው መምህሩ ሳይፈልጉ ማወዳደር ይጀምራሉ። የፍቅር ግጥም ክልክል አደለም፣ ግን 10ኛ ክፍል ውስጥ «ውዴ» ሚል ቃል ከአፍሽ ከወጣ ሁካታው እስኪበርድ ሦስት ስንኝ ያልፋል፣ እሱን ምትችይ ከሆነ ምርጫሽ ነው። አንዱን ወገን ሚነካ የወቅት ግጥም ግን ክፍል ውስጥ ይዘሽ አትግቢ፣ አብሮሽ ሚማረው ልጅ ቤት ምን እንዳለ አታውቂም።

እኔ ላንቺ ምመርጠው ታሪክ ያለው ግጥም ነው። ሁለት ሦስት ገጸ ባሕርይ ያሉት፣ ሚነጋገሩበት፣ መጨረሻው ላይ ሚገለበጥ ነገር ያለው። ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ውስጥ በግጥም ያስቀመጧቸው የእንስሳት ተረቶች ለዚህ የተሠሩ ነው ሚመስሉት፣ ቋንቋው ንጹህ ነው፣ ማን ምን እንዳለ አይምታታም፣ እና ታሪክ ስለሆነ አንድ ስንኝ ብትረሺ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ስለምታውቂ ትመለሻለሽ። «የሕፃን ተረት ነው» ብለሽ እንዳትንቂው። ተረት በደንብ መናገር ሀገር ሀገር እያሉ ከመጮህ በጣም ይከብዳል፣ መምህርም ይሄን ያውቃል። ርዝመቱ ከ16 እስከ 24 ስንኝ ይሁን፣ ማለትም ሁለት ደቂቃ አካባቢ። ከዛ ሚረዝም ከሆነና የግድ መቁረጥ ካለብሽ መምህሩን አስፈቅደሽ ከመጀመሪያ ጀምረሽ ሐሳቡ ሚዘጋበት ቦታ ላይ አቁሚ፣ ከመሃል አንድ አንድ ስንኝ እየነቀልሽ እንዳታሳጥሪ፣ ቤት ሚመታው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሆነ አንዱን ስታወጪ ሌላኛው አጋር ያጣል፣ ጆሮ ያለው ሰው ወዲያው ይሰማዋል። ስታቀርቢም «ከእገሌ ግጥም የተወሰደ» በይ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ግጥሙን ከቴሌግራም አትውሰጂ። እዛ ሚዞረው ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲተየብ ስንኝ ይዘላል፣ ቃል ይለወጣል፣ አንዳንዴም ያልጻፈው ገጣሚ ስም ይለጠፍበታል። የትምህርት ቤታችሁ ላይብረሪ ወይ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሄደሽ ከታተመው ላይ በፎቶ አንሺ፣ ከዛ በእጅሽ ገልብጪ። ፕሪንት አታድርጊ፣ በእጅሽ። አንዱን ስንኝ በአንድ መስመር፣ በመስመሮቹ መሃል ሰፋ ያለ ቦታ ትተሽ፣ ምክንያቱም አሁን ብዙ ምልክት ልናደርግበት ነው።

እንዴት እንደሚሠራ በዓይንሽ እንድታይው ሁለት ስንኝ ላሳይሽ፣ አሁን ለማሳያ የደረደርኳት ስለሆነች ቅኔ ፈልጊባት አልልሽም፦

እናቴ ጎህ ሲቀድ ጀበናውን ጥዳ፣
ትጠባበቃለች የማይመጣ እንግዳ።

የመጀመሪያው ስንኝ «ሲቀድ» ላይ ለሁለት ይከፈላል። «እናቴ ጎህ ሲቀድ» ፊደሉን ብትቆጥሪው ስምንት ነው፣ በአፍሽ ስትይው ግን ስድስት ቀለም ብቻ ነው ሚወጣው፣ ምክንያቱም «ጎህ» አንድ ነው፣ «ቀድ»ም አንድ ነው፣ ሳድሷ ከፊቷ ካለችው ጋር ትጣበቃለች። ስለዚህ ምጣኔ በጣት ፊደል እየተቆጠረ አይገኝም፣ ጮክ እየተባለ ነው ሚገኘው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ደሞ «የማይመጣ እንግዳ» ነጣጥለሽ ካነበብሽው ሰባት ይሆናል፣ አንድ ይተርፍና ስንኙ ያነክሳል፣ እንደምናወራው «የማይመጣንግዳ» ብለሽ ካያያዝሽው ስድስት። ብዙ ልጅ «ጥርት አድርጌ ላንብብ» ብሎ እያንዳንዱን ቃል እየነጠለ ግጥሙን ሚሰብረው እንደዚህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው። በወረቀትሽ ላይ ሚያያዙትን ከስር በቅስት አገናኚያቸው፣ መሃል ላይ ያለችውን ማረፊያ በትንሽ ሰረዝ ምልክት አድርጊባት። ማረፊያ ስል ትንፋሽ መውሰጃ ማለቴ አደለም፣ ድምፁ ትንሽ ይረጋል እንጂ አይቆምም። ትንፋሽ ምትወስጂው ስንኙ ሲያልቅ ነው፣ እሱም ሐሳቡ ካለቀ። «ጥዳ» ጋ ሐሳቡ አላለቀም፣ እናትየው ምን ልታደርግ እንደሆነ ገና አልተነገረንም፣ ስለዚህ እዛ ጋ ድምፅሽን ከጣልሽው ሰሚው ያለቀ ይመስለዋል፣ ከፍ ብሎ እንደተንጠለጠለ ወደ ቀጣዩ ስንኝ ይሻገር።

ከዛ ግሱን ፈልጊ። ስናወራ ግስ መጨረሻ ላይ ነው ሚመጣው፣ ዓረፍተ ነገሩ ምን እንዳለ ሚታወቀው የመጨረሻዋ ቃል ላይ ስንደርስ ነው፣ ግጥም ግን ለቤት መምቻው ሲል ቦታውን ያዟዙራል። እዚህ ጋ «ትጠባበቃለች» ቀድሞ መጣ፣ መጨረሻ ላይ የቀረው «እንግዳ» ነው፣ ክብደቱ ያለው ግን እንግዳው ላይም አደለም፣ «የማይመጣ» ላይ ነው፣ ሐዘኑ እዛ ጋ ነው ያለው። ስለዚህ በየስንኙ አንድ ቃል፣ አንድ ብቻ፣ ከስሩ አስምሪበት። ሦስት ቃል ላይ ካሰመርሽ ምንም ላይ እንዳላሰመርሽ ቁጠሪው።

ስለ አነጋገርሽ የፈራሽው ነገር ላይ ልምጣ። የአማርኛ ፊደል ትልቁ ጉድለቱ ሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አለማሳየቱ ነው፣ ይሄ አፉን በአማርኛ የፈታውንም ልጅ ያስቸግራል። «ገና» ካላላሽው ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ካጠበቅሽው በዓሉ ነው፣ «ልጅነቴ ገና» ሚል ስንኝ ላይ ሳያስበው አጥብቆ ክፍሉን ያሳቀ ተማሪ አይቻለሁ። «ሰፊ» አጥብቀሽ ሀገር ነው፣ አላልተሽ ልብስ ሰፊ ነው። «ይሰማል» ላልቶ ሰውየው ነው ሚሰማው፣ ጠብቆ ድምፁ ነው ሚሰማው። አንቺ እንደውም እዚህ ላይ ትበልጫለሽ፣ ምክንያቱም በቁቤ ስትጽፊ ሚጠብቀውን ፊደል ሁለቴ መጻፍ ለምደሻል፣ ጥብቀት ቃል እንደሚለውጥ ከልጅነትሽ ጀምሮ በጽሑፍ ያየሽው ነው። ያንን ጆሮ ተጠቀሚበት፦ ወረቀትሽ ላይ ሚጠብቀው ፊደል ሁሉ ራስ ላይ ሁለት ነጥብ አድርጊ፣ የቋንቋ መጻሕፍትም ሲያስፈልጋቸው እንደዛ ነው ሚያደርጉት። እርግጠኛ ያልሆንሽበትን መምህርሽን ጠይቂ፣ ያንን መጠየቅ ራሱ ማርክ ያስገኛል። «ቀ»፣ «ጠ»፣ «ጨ» አፋን ኦሮሞም ውስጥ ስላሉ አይከብዱሽም። የቀረው ዜማሽ ነው፣ የጎጃም ልጅ የጎጃም ዜማ አለው፣ የወሎውም የራሱ አለው፣ ያንቺም ያንቺ ነው፣ ትርጉም እስካልቀየረ ድረስ ሚታረም ነገር አደለም። ሚስቅ ካለ ይስቃል፣ ያንን ላስቀርልሽ አልችልም፣ ግን የራስን አነጋገር ደብቆ የአዲስ አበባ ጋዜጠኛ ለመምሰል ሚሞክር ልጅ ላይ ነው በብዛት ሚሳቀው።

ድምፄ ቀጭን ነው ላልሽው፣ ስልክ ላይ የራሱን ድምፅ ሰምቶ ያልደነገጠ ሰው የለም። ስትናገሪ ድምፅሽን ምትሰሚው በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅልሽ አጥንት በኩልም ነው፣ በአጥንቱ በኩል ሚመጣው ወፈር ያለ ነው፣ ስልኩ ጋ ያ ስለሌለ ቀጥኖ ይሰማሻል፣ ሌሎች ሰዎች ግን ሁሌም ሚሰሙሽ እንደዛው ነው፣ ለነሱ አዲስ ነገር የለውም። ወፍራም ለማድረግ ጉሮሮሽን አትጭመቂው፣ በሁለት ቀን ይዘጋብሻል። ቀጭን ድምፅም በደንብ ሊሰማ ይችላል፣ ሚጠፋው የስንኝ መጨረሻ ሲዋጥ ነው። አየሩ ያልቅና የመጨረሻዋ ቃል ወደ ደረት ትገባለች፣ እዛች ቃል ላይ ደሞ ቤት መምቻው አለ፣ ብዙ ጊዜም ግሱ አለ፣ ስለዚህ ሰሚው ሁለቱንም ያጣል። ልምምዱ ቀላል ነው፣ አንድ ሰው ግቢው ጫፍ ላይ አቁሚና የየስንኙን የመጨረሻ ቃል ብቻ እየደገመ ይመልስልሽ። ያልሰማው ቃል ካለ ጩኸት አትጨምሪ፣ ፍጥነት ቀንሺ። ነገር ግን ይሄን ሳስረዳ ወዲያው ሌላኛው ጫፍ ላይ ሚወድቁ አሉ፣ ቤት መምቻውን እንደ ሙቀጫ ሚወቅጡት፣ ዳ! ዳ! እያሉ። እሱም አይሆንም፣ ቤቱ ራሱ ይሰማል፣ ማገዝ አያስፈልገውም።

ከሁሉም በላይ የፉከራ ድምፅ ተይ። አማርኛ ግጥም ሲባል ተማሪ ሁሉ ደረቱን ነፍቶ ወደ ሽለላ ይገባል፣ ጀበና የጣደች እናት ላይም ይፎክርባታል። ፉከራ የራሱ ግጥም፣ የራሱ ቦታ አለው። አንቺ ምትጀምሪው አንድ ነገር ለጓደኛሽ ምትነግሪበት ድምፅ ላይ ነው፣ ከዛ ግጥሙ ራሱ ከፍ ካለ አብረሽው ትወጫለሽ። በአንደኛው ስንኝ ጣሪያ የነካ ሰው በአሥረኛው ስንኝ ላይ ሚወጣበት የለውም።

አሁን በቃል መያዝ። በዓይን እያነበቡ ማጥናት አይሠራም፣ ለፈተና ይሆን ይሆናል ለዚህ ግን አፍሽ ነው መማር ያለበት። የቄስ ትምህርት ቤትም የቁርኣን ቤትም ልጆች ጮክ ብለው ሚቀጽሉት ያለ ምክንያት አደለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን ለመምረጥ፣ ሦስተኛውን ለመገልበጥና ለምልክቱ ተጠቀሚበት፣ እስከዛ ድረስ ምንም በቃልሽ አትያዢ፣ የተሳሳተ ንባብ አንዴ በቃል ከተያዘ ማስለቀቅ መከራ ነው። ከዛ በቀን አራት አራት ስንኝ ጨምሪ፣ ማታ ከመተኛትሽ በፊት በይው፣ ጠዋት ወረቀት ሳታይ ድገሚው፣ የጎደለውን ብቻ እይ። አንድ ነገር ግን ለየት አድርጊ፣ ሁሌ ከመጀመሪያ አትጀምሪ። ሁሌ ከላይ ሚጀምር ሰው መግቢያውን እንደ ውሃ ይጠጣዋል፣ መጨረሻው ግን ሁሌ ይንገዳገዳል፣ ስለዚህ በየሁለት ቀኑ ከመጨረሻዎቹ አራት ስንኞች ጀምረሽ ወደ ላይ ተመለሺ። እቃ እያጠብሽ፣ እየሄድሽ፣ ቡና እየቆላሽ በይው፣ ሥራ እየሠራሽ ካልጠፋብሽ ፊት ቆመሽም በቀላሉ አይጠፋብሽም። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት አዲስ ነገር አትጨምሪ፣ ሰው ፊት ብቻ አቅርቢ፣ ወረቀቱን ለሚይዝልሽ ሰው ደሞ ቶሎ ብሎ እንዳይነግርሽ ንገሪው፣ ለራስሽ ፈልገሽ ማግኘትን ነው ምትለማመጂው።

መንቀጥቀጡን በተመለከተ በ12 ቀን ላጠፋልሽ አልችልም፣ ማንም አይችልም፣ ምንችለው እንዳይታይ ማድረግ ነው። አንድ ነጠላ ወረቀት ይዘሽ ከወጣሽ ትንሿን መንቀጥቀጥ ወረቀቱ አጉልቶ ለክፍሉ ሁሉ ያሳያል፣ መሰማትም ይጀምራል። መምህሩ ወረቀት ከፈቀዱ ገጹን ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ውስጥ ለጥፊውና ደብተሩን ይዘሽ ውጪ፣ ዘግተሽ ያዢው፣ ካልጠፋብሽ አትክፈቺው። ካልፈቀዱ እጅሽን ጎንሽ ላይ ልቀቂው፣ ኪስ ውስጥ አትክተቺ፣ ሹራብሽን አትጠምዝዢ። ፊት ስትደርሺ ወዲያው አትጀምሪ፣ ትንፋሽሽን ወደ ውጭ ባዶ አድርጊው፣ ራሱ ይሞላል፣ ከዛ ርዕሱንና የገጣሚውን ስም በተራ ድምፅ ተናገሪ፣ ዝም በይ፣ ጀምሪ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስንኞች ከሌላው ሁሉ እጥፍ ተለማመጃቸው፣ ፍርሃቱ ሚበረታው እዛ ላይ ስለሆነ አፍሽ ያለ አንቺ እርዳታ እንዲላቸው ነው ምንፈልገው። ዓይንሽን ኋላ ወንበር ላይ፣ ከሰዎቹ ግንባር ከፍ አድርጊ፣ የቅርብ ጓደኛሽ ላይ ግን አታሳርፊ፣ ታስቅሻለች። ከጠፋብሽ «ይቅርታ» እንዳትይ፣ ጭንቅላትሽንም አትያዢ። ዝም በይ፣ ዝምታው ላንቺ ዘላለም ይመስልሻል እንጂ ለነሱ ማረፊያ ነው ሚመስላቸው፣ ካልመጣልሽ ወደ ቀጣዩ ጥንድ ስንኝ እለፊ፣ መምህሩ ወረቀቱን ይዘው ካልተከታተሉ በቀር ማንም አያውቅም።

ዋሽንት ከስልክ ማጀብ፣ የሀገር ልብስ መልበስ፣ እጅ ማወናጨፍ፣ እነዚህን ሁሉ ለዚህ ጊዜ ተያቸው። በተለይ ዋሽንቱ ወይ አንቺን ይቀድምሻል ወይ ትቀድሚዋለሽ፣ ስልኩ መሃል ላይ ከጠራ ደሞ አበቃ። እጅ ሚነሳው ስንኙ ራሱ ሲያነሳው ብቻ ነው፣ መስታወት ፊት ያጠናሽው ምልክት ሁሉ የተጠና መሆኑ ያስታውቃል።

የመጨረሻ ቃሌ ይሄው ነው፦ የወል ቤት የሆነ፣ 20 ስንኝ አካባቢ፣ ታሪክና ንግግር ያለበት ግጥም ከታተመ መጽሐፍ ላይ ውሰጂ፣ በዚህ ሳምንት ውስጥ ወረቀቱን ለመምህርሽ አሳዪና ርዝመቱን፣ ወረቀት መያዝ መፈቀዱንና ከ10ሩ ስንቱ ለአነባበብ ስንቱ ለቃል ጥናት እንደሆነ ጠይቂ። ለቃል ጥናቱ ብዙ ከሰጡ ወደ 16 ስንኝ አውርጂው፣ ለአነባበብ ብዙ ከሰጡ 24ም ቢሆን ትችይዋለሽ። የቲክቶኩን ግጥም ደሞ አትጣይው፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ ማይክ ስላለ ሚቀጥለው ሴሚስተር እዛ ሞክሪው፣ እስከዛ ያልገቡሽን ስንኞች አንድ በአንድ ጠይቂባቸው።